የጀማሪ ሞተረኞች ጥያቄዎችና ስጋቶች

ሞተር ሳይክል (በተለምዶ ሞተር) በሞተር ኃይል የሚንቀሳቀስ ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ሲሆን ነጂው ሞተረኛ ይባላል። ገና መንዳት የሚለማመዱ ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከአገር አገር ብዙም አይለያዩም። እወድቅ ይሆን? ዳገት ላይ ቢጠፋብኝስ? የፊት ፍሬን ስይዝ ይገለብጠኛል? ይህ መጣጥፍ እነዚህን ጥያቄዎች፣ ከጀርባቸው ያለውን የፊዚክስ ምክንያትና ስለ ሞተር አደጋ በጥናት የታወቀውን ያብራራል። ጀማሪው አብዝቶ የሚፈራው ነገርና ሰውን አዘውትሮ የሚጎዳው ነገር አንድ አይደሉም። ፍርሃቱ በአብዛኛው በዝግታ ሲሄዱ ስለ መውደቅ ወይም ስለ ከፍተኛ ፍጥነት ነው። ከባዱ አደጋ ግን በመካከለኛ ፍጥነት፣ በመስቀለኛ መንገድና በኩርባ ላይ፣ እጅ በድንጋጤ የተሳሳተ ነገር ሲያደርግ ይደርሳል።

ሚዛን

በጀርመን አገር ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ እ.ኤ.አ. በ1885 የሠሩት፣ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ባለ ነዳጅ ሞተር ሳይክል ተብሎ የሚጠቀሰው ተሽከርካሪ አካሉ ከእንጨት ነበር። በግራና በቀኝ እንደ ሕፃን ብስክሌት ሁለት ትናንሽ ደጋፊ ጎማዎች ነበሩት። ስለዚህ የመውደቅ ስጋት ከሞተር ሳይክሉ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

ደጋፊ ጎማዎቹ በኋላ የቀሩት ስለማያስፈልጉ ነው። የሚሄድ ሞተር ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል የፊት ጎማው በራሱ ወደዚያው ጎን ይዞራል፤ በዚህም ጎማዎቹ ከክብደቱ ሥር ተመልሰው ይገቡና ሞተሩ ይቃናል። ለረጅም ጊዜ ይህን የሚያደርገው የሚሽከረከሩት ጎማዎች ጋይሮስኮፓዊ ኃይል ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2011 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ይህ ኃይል እንዲጠፋ ተደርጎ የተሠራ ብስክሌትም ያለ ነጂ ሚዛኑን ጠብቆ መሄድ እንደሚችል አሳይቷል። ነገሩ የክብደት አቀማመጥ፣ የመሪው ዘንበል አሠራርና የጎማው ሽክርክሪት በጋራ የሚያመጡት ውጤት ነው።

ለጀማሪው ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ቀላል ነው። ራሱን የማቃናት ባሕርይ የሚመጣው ሞተሩ ፍጥነት ሲያገኝ ነው፤ ሰው በእግሩ ከሚሄድበት ፍጥነት ብዙም በማይበልጥ ዝግታ ሚዛኑን የሚጠብቀው ነጂው ነው። ስለዚህ «ቀስ ብዬ ብነዳ አልወድቅም» የሚለው ሐሳብ ለሚዛን ሲባል ትክክል አይደለም። ከሁሉ የሚከብደው በጠባብ ቦታ ዞሮ መመለስ ነው። እዚህ ላይ የሚረዱት ፍሪሲዮኑን በከፊል ይዞ ኃይሉን መመጠን፣ የኋላ ፍሬንን በስሱ መርገጥና ዓይንን ከፊት ጎማ አንስቶ መድረሻው ላይ መጣል ናቸው። የፊት ፍሬን በዚህ ጊዜ አይያዝም፤ መሪው ተጣምሞ ሳለ ከተያዘ ሞተሩ ወዲያው ይተኛል። አስቀድሞ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ግማሹን ትምህርት ጨርሶ እንደ መጣ ይቆጠራል።

ፍሪሲዮን፣ ማርሽና ዳገት

በአማርኛ የሞተር ዕቃ ስሞች ብዙዎቹ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ካቴና። ፍሪሲዮን ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኝና የሚለይ ክፍል ሲሆን በሞተር ሳይክል ላይ በግራ እጅ ይያዛል። ማርሹ በግራ እግር፣ የኋላ ፍሬን በቀኝ እግር፣ የፊት ፍሬንና ነዳጅ መስጫው ደግሞ በቀኝ እጅ ይታዘዛሉ። መኪና የለመደ ሰው እጅና እግሩ ቦታ ስለሚቀያየርበት ለጥቂት ቀናት ግራ ይጋባል።

ሞተሩ ሲነሣ የሚጠፋው ፍሪሲዮኑ በድንገት ስለሚለቀቅ ነው። ፍሪሲዮኑ መያዝ የሚጀምርበት አጭር ቦታ አለ፤ ሞተሩ ወደ ፊት ሳብ ሲል ይታወቃል። ይህን ቦታ ነዳጅ ሳይሰጡ ሜዳ ላይ ደጋግሞ መለማመድ ከማንኛውም ምክር የበለጠ ይጠቅማል።

ማርሽን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብዙ ሞተሮች አንደኛ ማርሽ ወደ ታች በመርገጥ ሲገባ ሌሎቹ ወደ ላይ በማንሣት ይገባሉ። በአንዳንድ ትናንሽ ሞተሮች ግን ሁሉም ማርሽ ወደ አንድ አቅጣጫ በመርገጥ ነው የሚገባው። የተዋሱትን ሞተር ባለቤቱን ሳይጠይቁ ማስነሣት ለዚህ ነው የማይመከረው። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የሚመረተውና እስከ 2017 ድረስ 100 ሚሊዮን የተመረተው ሆንዳ ሱፐር ከብ ደግሞ በእጅ የሚያዝ ፍሪሲዮን የለውም። ፍሪሲዮኑ በሞተሩ ሽክርክሪት ፍጥነት ራሱ ይይዛል፣ ራሱ ይለቃል።

ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት የጀማሪ ሁሉ ጭንቀት ነው። የተለመደው መፍትሔ ቀኝ እግርን የኋላ ፍሬን ላይ አቆይቶ በግራ እግር መሬት መርገጥ፣ ፍሪሲዮኑ መያዝ እስኪጀምር ለቀቅ ማድረግ፣ ሞተሩ ወደ ፊት መሳብ ሲጀምር ፍሬኑን መልቀቅ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ ሞተሩ ወደ ኋላ አይሸሽም። በኢትዮጵያ ደጋ ከተሞች ሌላም ነገር ይጨመራል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚያንስ የሞተሩም ጉልበት በዚያው መጠን ይቀንሳል። በቆላ ከተማ ሁለት ሰው ጭኖ በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣ ባለ 100 ሲሲ ሞተር ደጋ ላይ አንደኛ ቢጠይቅ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

መታጠፍ

ይህ ክፍል ልምድ ያላቸው ሞተረኞች እንኳ በተግባር እያደረጉት በቃል ሊያስረዱት የሚቸገሩበት ነው። ሞተር በፍጥነት ሲሄድ ወደ ግራ ለመታጠፍ መሪው የሚገፋው በግራ እጅ ወደ ፊት ነው። ይህ ማለት የፊት ጎማው ለቅጽበት ወደ ቀኝ ይዞራል ማለት ነው። ጎማዎቹ ወደ ቀኝ ሲሸሹ የሞተሩና የነጂው ክብደት በግራ ይቀርና ሞተሩ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ካዘነበለ በኋላ የፊት ጎማው ራሱ ወደ ግራ ዞሮ ኩርባውን ይይዛል። በቀኝም እንዲሁ ነው። በዝግታ ሲሄዱ ይህ ስለማይስተዋል፣ በመንደር ውስጥ የተለማመደ ሰው መሪን ወደሚሄድበት አቅጣጫ ማዞር ብቻ የሚያስፈልግ ይመስለዋል። አውሮፕላን ከመሥራታቸው በፊት ብስክሌት ይሠሩ ከነበሩት የራይት ወንድማማቾች አንዱ ዊልበርም ብስክሌት ነጂዎች ይህን ሳያውቁት እንደሚያደርጉት ማስተዋሉ ይነገርለታል።

ጉዳዩ የፊዚክስ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ድንገት ከፊቱ ሰው ወይም መኪና የገባበት ጀማሪ መሪውን ወደሚያመልጥበት ጎን ለማዞር ይታገላል። በዚያ ፍጥነት ግን መሪውን ወደ ቀኝ ማዞር ሞተሩን ወደ ግራ ያጋድለዋል፤ ስለዚህ ከሚሸሸው ነገር ጋር የሚላተምበት ጊዜ አለ። በፍጥነት ወደ ቀኝ ለማምለጥ የቀኝ እጅ መግፋት አለበት። ልምምዱ ባዶ ሜዳ ላይ በሰዓት ከ30 እስከ 40 ኪ.ሜ. እየነዱ አንዱን እጀታ በስሱ ወደ ፊት ገፋ አድርጎ የሞተሩን ምላሽ ማየት ነው። ከሁለት ሦስት ሙከራ በኋላ ግልጽ ይሆናል።

ማዘንበልን መፍራትም የተለመደ ነው። ራዲየሱ 30 ሜትር የሆነን ኩርባ በሰዓት 40 ኪ.ሜ. ለመዞር ሞተሩ 23 ዲግሪ ያህል ማዘንበል አለበት፤ ይህን ማንኛውም ደህና ጎማ በደረቅ አስፋልት ይችለዋል። ያንኑ ኩርባ በሰዓት 60 ኪ.ሜ. ለመዞር ግን 43 ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ይህ በብዙ ሞተሮች የእግር መርገጫው አስፋልቱን ወደሚነካበት ደረጃ የቀረበ ነው። ፍጥነት በግማሽ ሲጨምር የማዘንበሉ ማዕዘን በእጥፍ ሊጠጋ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ውስጥ ከተገባ በኋላ ሳይሆን ከመግባት በፊት ነው። ኩርባው ውስጥ ገብቶ የደነገጠ ነጂ ነዳጁን በአንዴ ቢዘጋና ፍሬን ቢጨብጥ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ከመንገዱ ይወጣል። ሌላው ችግር የዓይን ነው። ሰው የሚያየው ወደሚሄድበት ብቻ ሳይሆን የሚሄደውም ወደሚያየው ነው፤ ጉድጓድ ላይ ያፈጠጠ ጀማሪ ጉድጓዱን አይስተውም።

ፍሬን

«የፊት ፍሬን ይገለብጣል፣ አትንካው» የሚለው ምክር ከወንድም ወደ ወንድም ሲተላለፍ የኖረና ብዙ ጉዳት ያመጣ ምክር ነው። ተሽከርካሪ ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይሸጋገራል። የፊት ጎማው መሬቱን ይጫናል፤ የኋላው ይቀላል። በደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆም ኃይሉ አብዛኛው፣ 70 በመቶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ፣ የሚገኘው ከፊት ነው። የኋላውን ብቻ የሚረግጥ ሰው ጎማው መሽከርከሩን አቁሞ እየተንሸራተተ ረጅም ርቀት ይሄዳል።

አደጋው የፊት ፍሬንን በመያዝ ሳይሆን በድንገት በመጨበጥ ነው። ክብደቱ ወደ ፊት ሳይደርስ ፍሬኑ ከተጨበጠ ጎማው ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። ሎሚ እንደሚጨመቅ መጀመሪያ ለስለስ፣ ከዚያ እየጠነከሩ መሄድ ነው ትክክለኛው መንገድ። በጠጠር፣ በጭቃና በእርጥብ ድንጋይ ላይ ግን የፊቱን መቀነስ ያስፈልጋል፤ የድሮው ምክርም ሳይመጣ የቀረ አይመስልም ከጠጠር መንገድ።

በሰዓት 60 ኪ.ሜ. የሚሄድ ሞተር በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፤ ነጂው አይቶ እጁን እስኪያንቀሳቅስ ይህ ርቀት አልፏል። ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልት በጥሩ ፍሬን ለመቆም 20 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ በድምሩ 37 ሜትር። በሰዓት 30 ኪ.ሜ. ቢሆን ኖሮ 8 ሜትር ለማሰብ፣ 5 ሜትር ለመቆም፣ በድምሩ 13 ሜትር ብቻ በበቃው ነበር። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ከተያዘ በኋላ ያለው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና።

ጎማው ቀጥ እንዳይል የሚከላከለው ኤቢኤስ የተባለ ሥርዓት በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ በሆኑ አዲስ ሞዴሎች ላይ ግዴታ ሆኗል። ብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች ግን ይህ የላቸውም፤ አንዳንዶቹም ከፊትም ከኋላም የታምቡር ፍሬን ያላቸው ናቸው። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ነጂው ራሱ ኤቢኤስ መሆን አለበት።

ሌሎች አሽከርካሪዎች

ስለ ሞተር አደጋ ከተደረጉ ጥናቶች ሁሉ ታዋቂው በአሜሪካ፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሃሪ ኸርት መሪነት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመው ነው። አጥኚዎቹ በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሚሆኑ አደጋዎችን በቦታው ተገኝተው መርምረዋል፤ በተጨማሪም 3,600 የፖሊስ መዝገቦችን አይተዋል። ከአደጋዎቹ ሦስት አራተኛው ያህል ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር የተደረገ ግጭት ነበር። ከእነዚህም በሁለት ሦስተኛው ቅድሚያ የከለከለው የሌላው ተሽከርካሪ ነጂ ነው። ከአደጋው በፊት የነበረው መካከለኛ ፍጥነት በሰዓት 48 ኪ.ሜ. ገደማ ብቻ ነበር። አደጋው ከተጀመረበት ቅጽበት እስከ ግጭቱ ድረስ ነጂው የነበረው ጊዜም በተለምዶ ከሁለት ሴኮንድ በታች ነው። አደጋ ከደረሰባቸው ሞተረኞች 92 በመቶው መንዳት የተማሩት በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም አደጋ የደረሰበትን ሞተር ከያዙ አምስት ወር አልሞላቸውም። ብዙዎቹ በመንገድ ላይ ዓመታት ያሳለፉ ስለነበሩ፣ ይህ የመጨረሻው ቁጥር የሚመለከተው ጀማሪውን ብቻ ሳይሆን ሞተር የቀየረውንም ነው።

ጥናቱ የቆየና የሌላ አገር ቢሆንም የግጭቱ ዓይነት በየትኛውም ከተማ ይታያል። ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ የሞተረኛውን መንገድ ይቆርጣል። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ነጂነት ከተቀየረች ወዲህ ይህ ሁኔታ እዚህም ተመሳሳይ ነው። ባለ መኪናው በኋላ «አላየሁትም» ሲል ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ሞተር ጠባብ ስለሆነ ከመኪናው ምሰሶ ጀርባ ይሰወራል፤ ቢታይም ፍጥነቱ ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላል። ከእነዚያ ሁለት ሴኮንዶች በፊት ያለውን ጊዜ መጠቀም የሚችለው ሞተረኛው ነው፤ ቀንም ቢሆን የፊት መብራት ማብራት፣ መስቀለኛ መንገድ ሲቃረብ ፍጥነት ቀንሶ ሁለት ጣት ፍሬኑ ላይ ማሳረፍ፣ ከነጂው ፊት ይልቅ የመኪናውን የፊት ጎማ ማየት። ሰው ዓይንህን አይቶም ሊገባብህ ይችላል፤ ጎማ ግን ሳይዞር አይታጠፍም።

በኢትዮጵያ ከተሞች በዚህ ላይ የሚጨመሩት ተሳፋሪ ለማንሣት ድንገት ጥግ የሚይዙ ሚኒባሶች፣ የሚከፈቱ የመኪና በሮች፣ ከብቶችና ባጃጆች ናቸው። (ባጃጅ የሚለው ስም የመጣው ከሕንዱ አምራች ኩባንያ ነው፤ ቦክሰር የተባለውን ሞተር ሳይክል የሚሠራውም ይኸው ኩባንያ ነው።)

ዝናብ

ከሁሉ የሚያንሸራትተው ዝናቡ ሲጀምር ያሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ናቸው፤ በደረቁ ወራት የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውኃው ጋር ይቀላቀላል። እርጥብ ኮብልስቶን፣ የዜብራ ቀለምና የብረት ክዳን ቀጥ ብለው፣ ሳያዘነብሉና ፍሬን ሳይዙ የሚታለፉ ናቸው። ውኃ የሞላው ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታወቅም።

ሄልሜት፣ ልብስና ተሳፋሪ

እ.ኤ.አ. በ1935 «የዓረቢያው ሎረንስ» በመባል የሚታወቀው እንግሊዛዊ ቲ. ኢ. ሎረንስ በሞተር አደጋ ራሱን ተመትቶ ከቀናት በኋላ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሂው ኬርንስ ከዚያ በኋላ የሞተረኞችን የራስ ጉዳት ማጥናት ጀመረ። ሥራው የእንግሊዝ ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለሞተረኞቹ ሄልሜትን ግዴታ እንዲያደርግ ምክንያት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2008 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የወጣ ግምገማ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ደምድሟል።

ማሰሪያው ያልታሰረ ሄልሜት በግጭቱ ጊዜ ቀድሞ ስለሚወልቅ እንደሌለ ይቆጠራል። ልኩ ጉንጭን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝና ራስ ሲነቀነቅ የማይዞር ነው። ድንጋጤውን የሚውጠው ውስጡ ያለው ፎም አንድ ጊዜ በከባዱ ከተጨፈለቀ ስለማይመለስ፣ አደጋ ያየ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ይጣላል። ያገለገለ ሄልሜት መግዛት የማይመከረውም ለዚህ ነው።

ስለ ተሳፋሪ ጀማሪዎች ብዙ አይጠይቁም፤ መጠየቅ ግን ነበረባቸው። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ክብደቱን ወደ ኋላ ስለሚያመጣ ሞተሩ ዳገት ላይ ፊቱ ይቀላል፣ ለመቆምም ተጨማሪ ርቀት ይወስዳል። ነጠላ፣ ጋቢና ረጅም ቀሚስ በኋላ ጎማና በካቴናው ሊጠመጠሙ ይችላሉ። በሚወርዱበት ጊዜ የጋለ ማርሚታ ባት ያቃጥላል፤ ስለዚህ ተሳፋሪው ማርሚታ በሌለበት በኩል እንዲወርድ ከመነሣት በፊት መንገር ያሻል።

የትኛው ሞተር?

ለመጀመሪያ ሞተር ከሲሲው ቁጥር በላይ የሚያስፈልገው ተቀምጠው ሁለት እግር መሬት የሚያደርስ መቀመጫና ሲወድቅ ብቻን የሚነሣ ክብደት ነው። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያለው ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ለገጠር ሥራ ታስቦ የተሠራው ያማሃ ኤጂ 100 ዓይነት ሞተር ለጠጠርና ለጭቃ ሲመች፣ መቀመጫው ዝቅ ያለው የከተማ ሞተር ደግሞ ለአጭር ሰው ይቀላል።

ያገለገለ ሲገዛ ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር መመሳሰሉ ይታያል፤ መሪው ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞር መሐል ላይ የሚይዝ ወይም የሚንቋቋ ከሆነ ወድቆ የተነሣ ወይም ኩሽኔታው ያለቀ ሊሆን ይችላል። መንጃ ፈቃድ ለሞተር ሳይክል በራሱ ምድብ ይወጣል። በአዲስ አበባ የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ስለጣለ፣ በከተማዋ ለመንዳት ያሰበ ሰው ከመግዛቱ በፊት ወቅታዊውን የፈቃድ ሁኔታ ማጣራት ይኖርበታል።

ከመነሣት በፊት የሚደረገው ፍተሻ ሁለት ደቂቃ አይወስድም። የጎማ አየር፣ የሞተር ዘይት፣ የፊትና የኋላ ፍሬን፣ መብራትና ፍሬቻ ይታያሉ። ካቴናው መሐሉ ላይ በጣት ሲነሣ በብዙ ሞተሮች ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር መላላት አለበት። ከዚያ ከጠበቀ ኩሽኔታ ይበላል፤ ከላላ ደግሞ ከጥርሱ ወጥቶ የኋላ ጎማውን ቀጥ ሊያደርገው ይችላል።